ሕመሙ ነው ወይስ የመድኃኒቱ መቅረት?

ኮምቦልቻ ውስጥ በባጃጅ አደጋ እግሩ ተሰብሮ በብረት የተጠገነ አንድ ሰው እናስብ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትራማዶል የተባለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት፤ መጀመሪያ በቀን ሦስት ፍሬ ይበቃው ነበር፣ ወራት ሲያልፉ ግን ስምንት ፍሬ ካልወሰደ ከአልጋው መነሳት አቃተው። አንድ ቀን «በቃኝ» አለና የቀረውን ሁሉ ጣለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ያዛጋው ጀመር፤ ማዛጋቱ አልቆም አለ፣ ዓይኑ አነባ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ላብና ብርድ እየተፈራረቁ ሰውነቱን ወረሩት። አማቱ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አስጨመቁለት። የማዛጋቱን ብዛት ያየች ጎረቤት ደግሞ ቡዳ ጠረጠረች። በሁለተኛው ሌሊት ሆዱን ቆረጠው፣ ተቅማጥ ያዘው፣ እግሮቹ አንድ ቦታ አላርፍ አሉት፤ የተሰበረው አጥንትም ከቀዶ ሕክምናው ማግስት በባሰ ጠዘጠዘው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ሕመሙ ተመልሶብኛል» ብሎ ወደ መድኃኒት ቤት አመራ። ሁለት ፍሬ ውጦ ጥቂት እንደቆየም ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ሰውየው የተሰማው ሕመም እውነተኛ ነው፤ ምንጩን ግን የነገረው አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ በደሴና በኮምቦልቻ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለማቆም የሚሞክሩ ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያሰናክላቸው የምልክቶቹ ክብደት ብቻ አይደለም። የመድኃኒቱ መቋረጥ የሚያመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ የሌላ በሽታ ስም ተሰጥቶት ያልፋል፤ ስሙ ጉንፋን፣ ምች፣ ብርድ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም የድሮው ስብራት ይሆናል። ስሙ ሲሳት መፍትሔውም ይሳታል፤ ሕመሙ እንደተመለሰ ያመነ ሰው ደግሞ ወደ ክኒኑ መመለሱ አይቀርም።

አማርኛ ለነገሩ ቃል አጥቶ አይደለም። ጫት የሚቅም ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ያስለመደው ነገር ሲቀርበት የሚይዘውን ማዛጋት፣ መነጫነጭና መፍዘዝ ሁሉም «ሐራራ» ይለዋል። ነገር ግን ይህ ቃል የሐኪም ፊርማና ማኅተም ላለበት ክኒን ሲነገር አይሰማም፤ ቢነገርም እንደ ስድብ ይቆጠራል። «ሱስ» የሚለው ቃልም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። አንደኛው የሰውነት መላመድ ነው፤ ኦፒዮይድ የሚባሉትን ማስታገሻዎች፣ ማለትም ሞርፊንን፣ ፔቲዲንን፣ ኮዴይንን ወይም ትራማዶልን፣ በየቀኑ ለሳምንታት የወሰደ ማንኛውም ሰው፣ ጨዋም ሆነ ዱርዬ፣ ሰውነቱ ሊለምደው ይችላል፤ በድንገት ሲያቆምም ይታመማል። ሁለተኛው ሰው ጉዳቱን እያየ፣ ሥራውንና ቤቱን እያጣ፣ መድኃኒቱን ከማሳደድ ራሱን መግታት ሲያቅተው ነው። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ያልለየ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ያሸማቅቀዋል፤ የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ ለሐኪም የሚናገረው «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ሐፍረቱን ያቀልለዋል። በአንጎል፣ በአከርካሪና በአንጀት ሳይቀር ሰውነት ራሱ ለሚሠራቸው ማስታገሻዎች የተዘጋጁ መቀበያዎች አሉ። ኦፒዮይድ እነዚህን ሲይዝ የሕመም መልእክት ይደበዝዛል፣ አንጀት ይዘገያል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ትንፋሽ ዝግ ይላል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ይገፋል፤ በተለይ በአንጎል ግንድ ውስጥ ኖርአድሬናሊን የተባለውን ቀስቃሽ ኬሚካል የሚያመነጩት ሕዋሳት ከተጫናቸው ክብደት ጋር ለመተካከል ጉልበታቸውን ይጨምራሉ። ክብደቱ በድንገት ሲነሣ ግፊቱ ብቻውን ይቀራል። የደረቀው ሆድ ይፈታል፣ የጠበበው ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይርቃል፣ ደብዝዞ የኖረው የሕመም ስሜትም ለጊዜው ከልኩ በላይ ይጎላል። የተጠገነው እግር በነዚያ ቀናት የባሰ የሚጠዘጥዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ አጥንቱ ላይ አዲስ ነገር ሳይፈጠር።

ጊዜውም የታወቀ ነው። ቶሎ ከሰውነት በሚወጡት ማስታገሻዎች ምልክቱ የመጨረሻው ፍሬ ከተወሰደ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይከብዳል፣ አብዛኛው ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይበርዳል። እንቅልፍ ማጣቱና የስሜት መውረዱ ግን ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ክኒኑ የሚመለሰው በሦስተኛው ቀን፣ ማለትም ዳገቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ መሆኑ ያሳዝናል።

ታዲያ የድሮው ሕመምና የመቋረጡ ሕመም በምን ይለያሉ? የድሮው ሕመም ቦታ አለው፤ ጣት ሊጠቁመው ይችላል፣ ሲራመዱበትና ሲጫኑት ይጨምራል። የመቋረጡ ሕመም መላ ሰውነትን እንደ ቁርጥማት ይይዛል፤ ከማዛጋት፣ ከአፍንጫ ፈሳሽ፣ ፀጉርን ከሚያቆም ብርድና ከተቅማጥ ጋር ተጎዳኝቶ ይመጣል፣ ሰዓቱንም ያውቃል፤ የተለመደው ፍሬ ካለፈ ከሰዓታት በኋላ ይጀምርና ፍሬው ሲዋጥ አብሮ ይጠፋል። ሰዓቱንና ስሜቱን ለአንድ ሳምንት በደብተር ላይ የጻፈ ሰው ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። ደብተሩ ከማንኛውም ምርመራ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ለሐኪሙ ከረጅም ማብራሪያ የተሻለ ይነግረዋል። ደሴ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ማታ ማታ ጋቢ በሚያስደርብበት አገር፣ የሚንቀጠቀጥን ሰው አይቶ ስለ ክኒን የሚያስብ ማን ነው?

ትራማዶል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመን ውስጥ ገበያ ላይ ሲውል እንደ ሞርፊን የማያስለምድ ቀለል ያለ መድኃኒት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ሞርፊንና ፔቲዲን በ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕጾች ስምምነት ሥር ሲገኙ እርሱ ግን በዝርዝሩ አልተካተተም። ይህ የቀላልነት ስም እስከ ዛሬ ተከትሎታል። ትራማዶል ግን የኦፒዮይድ መቀበያዎችን ከመያዙ ሌላ፣ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች እንደሚያደርጉት፣ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን የአንጎል ኬሚካሎች ያበዛል። ስለዚህ ሲቋረጥ ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንደተቋረጠ ይቆጠራል። በጥናት ከተመዘገቡት የትራማዶል መቋረጥ ጉዳዮች ከስምንቱ በአንዱ ያህል ከተለመዱት ምልክቶች የወጡ ነገሮች ታይተዋል፤ እነርሱም ድንገተኛ ከባድ ፍርሃት፣ መወናበድ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የሌለውን ማየትና መስማት ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ የወሎ ቤት ውስጥ ቢከሰት ወዴት እንደሚያስኬድ ለመገመት አያዳግትም፤ ጠበል ወይም ዱዓ ይቀድማል። ጸሎቱን መቃወም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ከጸሎቱ ጋር «መድኃኒቱን ሁሉ አቁም» የሚል ትእዛዝ ሲጨመርበት ግን ሕመሙን ያመጣው ነገር እንደገና እየተደረገ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን ብዙም የማይነገር አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ጉበት ትራማዶልንና ኮዴይንን ወደ ጠንካራ ቅርጻቸው የሚለውጥበት አንድ ኢንዛይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ የመሩት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ከሁለት ቅጂ በላይ እንደያዙ አሳይቷል፤ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ ጥቂቶች ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። እንዲህ ባሉ ሰዎች አካል ውስጥ መድኃኒቱ ፈጥኖና በርክቶ ወደ ጠንካራው ቅርጽ ይለወጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሁለቱም መድኃኒቶች እንዳይሰጡ የከለከለው፣ የሚያጠቡ እናቶችንም ያስጠነቀቀው ይህ ያስከተለውን አደጋ አይቶ ነው። ከጎረቤት ተውሶ የሚዋጥ ክኒን የሚያስፈራውም በዚሁ ነው፤ ለጎረቤቷ ወገብ የተስማማው ፍሬ በሌላው ሰውነት ውስጥ ሌላ መጠን ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ፣ መድኃኒቱ እንዴት ይቆማል ወደሚለው እንምጣ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሹፌር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ባለው መንገድ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ማርሹን አውጥቶ የሚወርድ ግን ጤነኛ ሹፌር የለም፤ በከባድ ማርሽ፣ እየተንፏቀቀ ይወርዳል እንጂ። የመድኃኒት ማቆምም እንዲሁ ነው። ክኒኑን ወደ መጸዳጃ ቤት የጣለውን ሰው ቤተሰቡ «ጀግና» ይለው ይሆናል፤ የአሜሪካው የመድኃኒት አስተዳደር ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ለሐኪሞች ባሰራጨው ማስጠንቀቂያ፣ የለመደ ሰው በድንገት እንዲያቆም ሲደረግ ከባድ የመቋረጥ ሕመም፣ ከቁጥጥር የወጣ የድሮ ሕመምና ራስን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ጭንቀት መከሰታቸውን አስታውቋል። የዚያው አገር የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2022 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ለወሰዱ ሰዎች በወር 10 በመቶ ወይም ከዚያ በዘገየ ፍጥነት መቀነስን፣ ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ብቻ ለወሰዱ ደግሞ በሳምንት 10 በመቶ መቀነስን ይመክራል።

ቁጥሩ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ትራማዶል በብዛት የሚገኘው ባለ 50 ሚሊ ግራም ካፕሱል ሆኖ ነው። በቀን ስምንት ፍሬ፣ ማለትም የቀኑ ጣሪያ የሆነውን 400 ሚሊ ግራም፣ የሚወስድ ሰው አንድ ፍሬ ሲተው 12.5 በመቶ ቀነሰ። አራት ላይ ደርሶ አንድ ሲተው 25 በመቶ፣ ሁለት ላይ ሆኖ አንድ ሲተው 50 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ለእጅ አንድ ዓይነት የሆነው ፍሬ ለሰውነት በየደረጃው እየከበደ ይሄዳል። ብዙ ሰው ስምንቱን ወደ ሁለት አውርዶ ሁለቱ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ራሱን በወኔ ማነስ የሚወቅሰው ይህን ሒሳብ ስላልሠራ ነው። መላው ወደ ታች ሲወርዱ በየደረጃው የሚቆዩበትን ጊዜ ማርዘም ነው፤ የመጨረሻው ፍሬ ላይ ሲደረስ ደግሞ በሁለት ፍሬዎች መካከል ያለውን ሰዓት ቀስ በቀስ ማስፋት፣ ከዚያም ፍሬው የሚዋጠው በቀን ከአንድ ጊዜ ያነሰ ሲሆን ማቆም ነው። አንድ ደረጃ ከከበደ እዚያው ላይ ጥቂት ሳምንት መቆየት ሽንፈት አይደለም። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት ግን መፍጨትም ሆነ ማኘክ አይገባም፤ ለግማሽ ቀን የታሰበው መጠን በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባልና። ይህ ሁሉ መድኃኒቱን ከሚያዝዝ ሐኪም ጋር የሚሠራ ዕቅድ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ በራሷ ፈቃድ በፍጹም ማቆም የለባትም፤ በድንገት ማቆም ለፅንሱ አደገኛ ነው፣ ሕፃኑም ከተወለደ በኋላ የመቋረጥ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል ወሊዱ በሕክምና ተቋም መሆን አለበት።

ማቋረጥ ሁልጊዜ በውሳኔ አይመጣም። ገንዘብ ያልቃል፣ መድኃኒት ቤት ባዶ ይሆናል፣ መንገድ ይዘጋል። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስና የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ ሳይዘጋጅ ተቋርጦበታል። ከዚያ በኋላ የቆሰሉና የተሰበሩ፣ ዓመታት አልፈውም ሕመም ያልለቀቃቸው ሰዎች በየቤቱ አሉ።

ከሁሉም በላይ ተደጋጋሚው ግን የጾም ወቅት ነው፤ በእኔ ግምት በቂ ትኩረት ያላገኘውም ይኸው ነው። በቀን አራት ጊዜ ማስታገሻ የለመደ ሰው ረመዳን ሲገባ ክኒኑን ወደ ሱሑርና ወደ ኢፍጣር ያዛውረዋል። በመካከል 13 ሰዓት ያህል አለ። ዙህር አልፎ ዐስር ሲቃረብ ማዛጋቱ፣ ላቡና ቁጣው ይመጣል፤ ሁሉም «ጾሙ ከብዶበት ነው» ይላል፤ አፍጥሮ ክኒኑን ሲውጥ ይረጋጋል፣ እረፍቱንም ከተምሩና ከሾርባው ይቆጥረዋል። እንዲህ ሠላሳ ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ አንድ ትንሽ መቋረጥ ያሳልፋል። የባሰው ደግሞ የቀኑን ጉድለት ለማካካስ ማታ ፍሬዎቹን ደራርቦ መዋጥ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ትራማዶል የሚጥል ሕመም ያስነሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም በዐቢይ ጾም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መጠኑን አስቀድሞ መቀነስ ወይም በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ወደሚወሰደው፣ ቀስ ብሎ ወደሚለቀቀው ዓይነት መዛወር ይቻላል። እስልምናም ለሕመምተኛ ጾሙን ወደ ሌላ ቀን የማዛወር ፈቃድ ሰጥቷል።

በከባዶቹ ቀናት የሚረዳው ነገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተቅማጡና ላቡ የሚያስወጡትን ውኃና ጨው ኦአርኤስ ይተካል፤ አጥሚትና ሾርባ ምግብ እንቢ ላለው ሆድ ይስማማሉ። ለቁርጥማቱ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን፣ ለተቅማጡ ሎፔራሚድ በተፈቀደላቸው መጠን ይወሰዳሉ፤ ለላቡና ለልብ ምቱ ሐኪሞች የሚያዝዙት ክሎኒዲን ደም ግፊትን ስለሚያወርድ ያለ ልኬት አይሞከርም። በሌሎች አገሮች ለከባድ ጥገኝነት የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ደሴ ላይ የሚኖር ሰው በተግባር የሚመካው ግን በአብዛኛው በዝግታ መቀነስ ላይ ነው።

ቡናና ጫት ለብቻቸው መነሣት አለባቸው። በወሎ ቤት «አብሽር» እያሉ ለሕመምተኛ ቡና ማፍላት የፍቅር ምልክት ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ግን ያልተኛውን ሰው ጭራሽ እንቅልፍ ያሳጣዋል፣ የልቡንም ምት ይጨምራል። አንድ ስኒ በጠዋት ይበቃዋል። ጫት ደግሞ ለጊዜው የሚያነቃ ቢመስልም ከትራማዶል ጋር አንድ አቅጣጫ ይገፋል፤ ሁለቱም ኖርአድሬናሊንን የሚያበዙ በመሆናቸው አብሮ መውሰድ አይመከርም። ከበርጫ በኋላ «ለመስበር» የሚጨመረው አረቄ ወይም ዳያዚፓም የተባለው የሚያረጋጋ ክኒን የባሰውን ያመጣል፤ ከኦፒዮይድ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ሊያቆምም ይችላል።

ሰው በትራማዶል ምክንያት ቢወድቅና ቢንፈራገጥ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅመውም። በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ያልረጋለት፣ የተወናበደ፣ ወይም መኖርን እንደጠላ የተናገረ ሰውም ቤት ውስጥ «እስኪያልፍለት» የሚጠበቅ አይደለም።

አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው ግን መድኃኒቱ ሲሰጥ ነው። ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚወጣው ትንሽ ፖስታ ላይ «1×3» ተብሎ ተጽፏል፤ ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ይታወቃል፣ እንዴት እንደሚቆም ግን አንድም ቃል የለም። ማዘዣው ካበቃ በኋላ ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት ሲገኝ ደግሞ መጠኑን የሚወስነው ሕመምተኛው ብቻ ይሆናል። ፋርማሲስቱ «ከሁለት ሳምንት በላይ ከወሰድከው በድንገት አታቁም፤ ተመልሰህ ና» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ጊዜው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

አቁመው የቆዩ ሰዎች ሁለት ነገር እንዲያውቁ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ሰውነት ልምዱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረሳል፤ ከወር በፊት ስምንት ፍሬ የቻለ ሰው ዛሬ ያንኑ ቢውጥ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ ደግሞ የሚገኘው በጤና ተቋም ነው። ሁለተኛው በመሳቢያ ውስጥ የቀረው ነው። እግሩ ለዳነው ሰው አክስቱ አንድ ቀን መጥተው «ወገቤን ነው እንጂ፣ ካንተ ከተረፈ ሁለት ፍሬ ስጠኝ» ይሉታል። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ለዚህ የሚሻለው እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የተረፈውን ለመድኃኒት ቤቱ መልሶ ማስረከብ ነው።